የባንክ የሥራ ስልትና ከቅጥሩ ውጭ ያለው ሁናቴ

(ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ሃምሳ ዓመት እንዲሠራ ውል የተሰጠው ባንክ በሃያ አምስተኛው ዓመት ተዘጋ። ይህም የአቢሲንያ ባንክ ይባል የነበረው፣ በኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያው ባንክ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከግብጽ ብሔራዊ ባንክ እንደራሴ ጋር መጋቢት 1 ቀን 1897 ዓ. ም. (1905 እ. ኤ. አ.) የተዋዋሉት ውል ለባንኩ ሦስት ታላላቅ መብቶችን አስገኝቶለት ነበር። በመጀመሪያ ሌላ ባንክ እንዳይቋቋም ተከልክሎ እርሱ ብቻውን የሚሠራ ሆነ፤ ሁለተኛ የወረቀት ገንዘብ ለማውጣት ተፈቀደለት፤ ሦስተኛ የመንግሥት ገንዘብ በእርሱ ዘንድ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ዋና ገንዘቡ 500,000 የእንግሊዝ ፓውንድ እንዲሆን ተቈረጠ። የካቲት 9 ቀን 1898 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መርቀው ከፈቱት። እንግዲህ ሕግም፣ ገንዘብም፣ የንጉሥ ሞገስም አልጐደለውም ነበር። ታዲያ ምን ጐደለው ቢባል፣ ጉድለቱ በመዝገቡ ውስጥ ሳይሆን ከደጁ ውጭ ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ ባንክ፣ ወይም የመድን ኩባንያ፣ ወይም የቁጠባ ማኅበር የሥራ ስልቱን በሚያወጣበት ጊዜ ብዕሩን የሚይዘው ራሱ ነው፤ ግማሹን የሚያስጽፈው ግን በውጭ ያለው ሁናቴ ነው። በውጭ ያለ ሁናቴ የሚባለውም የሕዝቡ ልማድና እምነት፣ የመንግሥት ሕግና ትእዛዝ፣ የዓለም ገበያ ዋጋ፣ ጦርነትና ሰላም፣ አዲስ የተፈለሰፈ መሣሪያ፣ ውርጭና ድርቅ ሳይቀር ነው። ይህ ሁሉ ለማንኛውም ድርጅት የሚደርስ ቢሆንም በባንክ ላይ ግን ይበረታል። የሸማኔው ጥሬ ዕቃ ጥጥ ነው፤ ጥጡም ከተገዛ በኋላ የሸማኔው ነው። የባንክ ጥሬ ዕቃ ግን የሌላ ሰው ገንዘብ ነው፤ ባለገንዘቡም እምነቱ በተናወጠ ቀን መጥቶ ሊወስደው መብት አለው። ስለዚህ በውጭ የነፈሰ ነፋስ ከሌሎች ቤቶች ይልቅ ወደ ባንክ ቤት ቶሎ ይገባል።

የውጭውን ሁናቴ በሦስት ከፍሎ መመልከት ለማስተዋል ይረዳል። አንደኛው ባንኩ ሊለውጠው የማይችለው፣ ነገር ግን ራሱን አስተካክሎ ሊኖርበት የሚገባው ነው። ሁለተኛው አስቀድሞ የሚታይና ሊዘጋጁበት የሚቻል ነው። ሦስተኛው በትዕግሥትና በትምህርት ቀስ በቀስ ሊለወጥ የሚችል ነው። ብዙ የገንዘብ ድርጅቶች የተጐዱት አንዱን በሌላው በመሳሳታቸው ነው። የአቢሲንያ ባንክ ታሪክ ለዚህ የመጀመሪያው ምስክር ይሆናል።

በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ገበያ ገዥ ጠገራ ብር ነበር። ጠገራ ብር በኦስትሪያ አገር የሚሠራ፣ የንግሥት ማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፣ ዓመቱም ምንጊዜም 1780 እ. ኤ. አ. ተብሎ የሚቀረጽ፣ ክብደቱ ወደ 28 ግራም የሚደርስ ገንዘብ ነው። ባላገሩ ጠገራውን ሲቀበል በዓይኑ ይመረምረዋል፤ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉት ነጥቦች ሳይደበዝዙ መታየታቸውን አይቶ ይቀበላል፤ የተፋቀውን ይመልሳል። ለጥቃቅን ግዢም አሞሌ ጨው ይሠራበት ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1894 እ. ኤ. አ. በፓሪስ ያሠሩት፣ የራሳቸው መልክ የተቀረጸበት ብር እንኳ ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም። የንጉሠ ነገሥቱ መልክ ያለበት ብር ያልቻለውን ወረቀት በአንድ ጊዜ እንዴት ሊችለው ይችላል?

ባንኩ በ1915 እ. ኤ. አ. የወረቀት ገንዘብ ባወጣ ጊዜ የተቀበሉት አብዛኛውን በከተማ ያሉ ነጋዴዎችና የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ባላገሩ ወደ ኋላ ያለው ባለማወቅ ነው ማለት ግን ፍርድን ያጓድላል። ብር ቢቀበር አይበሰብስም፤ ቤት ቢቃጠል ከአመድ ውስጥ ይገኛል፤ ቢያስፈልግም ቀልጦ የአንገት ጌጥ ወይም መስቀል ይሆናል። ወረቀቱን ግን ምስጥ ይበላዋል፣ እሳት ይፈጀዋል፤ የሚመነዝረውም ባንክ የብዙ ቀን መንገድ የራቀ ነው። እንግዲህ ገበሬው በራሱ ሒሳብ ትክክለኛ ነበር። ይህ ልማድ ከላይ ከተነገሩት ሦስት ክፍሎች በሦስተኛው፣ ማለት በትዕግሥት በሚለወጠው ውስጥ የሚቈጠር ሲሆን፣ በውል የተሰጠ መብት ብቻውን እንደሚለውጠው ተቈጠረ።

ሌላም ችግር ነበር። የባንኩ ዋና ገንዘብ በፓውንድ ሲቈጠር ሥራው ግን በጠገራ ነበር። የጠገራው ዋጋ ደግሞ የዓለምን የብር ማዕድን ዋጋ እየተከተለ ይወጣል ይወርዳል። በ1914 እ. ኤ. አ. በጀመረው ታላቅ ጦርነት ጊዜ የብር ዋጋ እጅግ ናረ፤ ከ1920 እ. ኤ. አ. በኋላ ደግሞ ወደቀ። ለቡና ግዢ ጠገራ በብዛት በሚፈለግበት ወራት ከባሕር ማዶ ማስመጣት ያስፈልግ ነበር፤ የባቡር ሐዲዱም ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ እስከ 1917 እ. ኤ. አ. ቈይቷል። ስለዚህ በየሣጥኑ የታሸገው ብር ወደ መሐል አገር የሚሄደው በጋማ ከብት ጀርባ ነበር። ዛሬ በአንድ ቁልፍ ከአገር ወደ አገር የሚተላለፈው ገንዘብ በዚያን ጊዜ ጭነት፣ ጠባቂና ስንቅ ይፈልግ ነበርና የመጓጓዣው ወጪ ትርፉን ይቀንሰው ነበር።

ይሁን እንጂ ባንኩ ማስተዋል ጐድሎት ነበር ማለት አይቻልም። ቅርንጫፎቹን በሐረርና በድሬዳዋ፣ በጎሬና በጋምቤላ ሲከፍት የንግድን መንገድ በሚገባ አንብቦ ነበር። የሐረር ቡና ወደ ጅቡቲ፣ የምዕራቡ ቡና በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ይወርድ ነበርና። የንግዱን መንገድ አነበበ፤ የሕዝቡን ልብ ግን አላነበበም። የበላይ አመራሩም በካይሮ ስለ ነበረ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት የአገሩ ገንዘብ ሥልጣን በባዕድ እጅ መሆኑን እያደር የሚጠላው ሆነ። በመጨረሻም በ1923 ዓ. ም. (1931 እ. ኤ. አ.) ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባንኩን በዋጋ ገዝተው የኢትዮጵያ ባንክ የሚባል የአገር ባንክ አቋቋሙ። አዲሱ ባንክ ሥራውን በተያያዘው በአምስተኛው ዓመት፣ በ1928 ዓ. ም.፣ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ ባንኩም ተዘግቶ የኢጣሊያ ባንኮች ቦታውን ያዙ። ይህ ከመጀመሪያው ክፍል ነው፤ ምንም ያህል የተስተካከለ የባንክ ዕቅድ ሊመልሰው የማይችል ማዕበል ነበር።

ከነፃነት በኋላ የተደረገው ግን ልዩ ትምህርት ይሰጣል። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሚያዝያ 7 ቀን 1935 ዓ. ም. (1943 እ. ኤ. አ.) ሥራ በጀመረ ጊዜ የተቀበለው አገር ከአቢሲንያ ባንክ ጊዜ በልማዱ ብዙ የተለየ አልነበረም። ባላገሩ አሁንም ጠገራውን ይወድ ነበር። እንዲያውም የኢጣሊያ ሊሬ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ ጠገራና ሌላም ገንዘብ ተደባልቆ ገበያውን አስቸግሮት ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ. ም. (1945 እ. ኤ. አ.) አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ግን ወረቀቱ ብቻውን አልመጣም። ከአሜሪካ መንግሥት በተገኘ ብር የተሠራ የሃምሳ ሳንቲም ገንዘብ አብሮት መጣ። ባላገሩ ብር መዳሰስ ቢፈልግ ብር ተሰጠው፤ በዚያው አጠገብ ወረቀቱን ማየትና መሞከር ጀመረ። ወረቀቱ ለግብር መክፈያና ለመንግሥት ደመወዝ ማገልገሉ በተግባር ሲታይ እምነቱ እያደር ሥር ሰደደ።

ሁለቱ ባንኮች ያጋጠማቸው ልማድ አንድ ዓይነት ነበር፤ የሰጡት መልስ ግን ልዩ ልዩ ነው። የመጀመሪያው ልማዱን በመብቱ ሊያልፈው ፈለገ፤ ሁለተኛው ከልማዱ ጋር እየተራመደ ለወጠው። ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር የውጭ ሁናቴ ሲባል የባንክ ዕድል ብቻ አለመሆኑ ነው። ሁናቴው ጥያቄ ነው፤ የሥራ ስልት ደግሞ መልስ ነው፤ ለአንድ ጥያቄም ብልህና ሞኝ መልስ ይኖራል።

የዓለም ገበያም እንዲሁ ነው። ቡና ለኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ለብዙ ዘመን ዋና ምሰሶ ሆኖ ኖሯል። በ1975 እ. ኤ. አ. በብራዚል የወደቀው ከባድ ውርጭ የቡና ተክሉን ባቃጠለው ጊዜ በዓለም ላይ የቡና ዋጋ በሁለት ዓመት ውስጥ እጅግ ናረ። በ1989 እ. ኤ. አ. ደግሞ ቡና አምራችና ገዢ አገሮች ድርሻ ድርሻቸውን የሚወስኑበት ዓለም አቀፍ ስምምነት ሲፈርስ ዋጋው በጥቂት ወራት ውስጥ ተንኰታኰተ። እንግዲህ በጅማ ወይም በዲላ ለቡና ነጋዴ ብድር የሚሰጥ ባንክ ነጋዴው ታማኝ መሆኑን ብቻ ቢመረምር በቂ አይሆንም። ታማኙ ነጋዴ ሳያጠፋ፣ በማያውቀው አገር በሆነ ነገር ዕዳውን መክፈል ያቅተዋል። ይህ ከሁለተኛው ክፍል ነው። ውርጩ በየትኛው ሌሊት እንደሚወድቅ ማንም አያውቅም፤ ነገር ግን የቡና ዋጋ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ እንደማይኖር የታወቀ ስለ ሆነ፣ ብድሩን ሁሉ በአንድ ሰብል ላይ አለመጣልና በደህናው ዘመን መጠባበቂያ ማከማቸት ይቻላል።

ከሁሉ ይልቅ የባንክን ዕቅድ የሚለዋውጠው ሕግ ነው። የመንግሥት ባንክ ገንዘብ አውጪም፣ ተቈጣጣሪም፣ ነጋዴ ባንክም ሆኖ ሲሠራ ቈይቶ፣ ዳኛው ራሱ ባለጉዳይ መሆኑ እንዲቀር በ1955 ዓ. ም. በወጣው አዋጅ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። በማግሥቱ ዓመት አዲስ አበባ ባንክ የተባለ፣ የውጭ ባንክ ድርሻ ያለበት የአክሲዮን ማኅበር ተቋቋመ። ነገር ግን ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ. ም. (1975 እ. ኤ. አ.) ባንኮችና የመድን ኩባንያዎች ሁሉ የመንግሥት ሆኑ። ከዚያ ወዲያ የባንክ ሥራ ስልት ማለት የመንግሥት ዕቅድ ማለት ሆነ፤ ብድሩ በተለይ ወደ መንግሥት ድርጅቶችና ዝቅ ባለ ወለድ ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራ። በ1986 ዓ. ም. (1994 እ. ኤ. አ.) አዋጅ ቁጥር 84 ሲወጣ ደግሞ ኢትዮጵያውያን የግል ባንክ እንዲያቋቁሙ ተፈቀደ፤ አዋሽ ባንክ በ1987 ዓ. ም. ተቋቋመ፤ ሌሎችም ተከተሉት። የውጭ አገር ባንኮች ግን በሩ ተዘግቶባቸው ኖረ።

ሕግ የባንክን ኑሮ እንዴት እንደሚለውጥ በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ከ2003 ዓ. ም. (2011 እ. ኤ. አ.) ጀምሮ እያንዳንዱ የግል ባንክ አዲስ ብድር በሰጠ ቁጥር የብድሩን 27 በመቶ የሚያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዛ ታዘዘ። የሰነዱ ዘመን አምስት ዓመት፣ ወለዱም በመጀመሪያው ጊዜ 3 በመቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ባንኩ ለገንዘብ አስቀማጭ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ 5 በመቶ ነው። እንግዲህ 100 ብር ለማበደር የፈለገ ባንክ 127 ብር ማሰባሰብ ይኖርበታል። ለዚህ 127 ብር በዓመት 6 ብር ከ35 ሳንቲም ይከፍላል፤ ከ27 ብሩ ሰነድ የሚያገኘው 81 ሳንቲም ብቻ ነው። የቀረውን 5 ብር ከ54 ሳንቲም ከ100 ብሩ ብድር ማውጣት አለበት። ትእዛዙ ባይኖር ወጪው 5 ብር ብቻ በሆነ ነበር። ሃምሳ አራቱ ሳንቲም ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በሺህ ሚሊዮን ሲባዛ ትንሽ አይደለም፤ ከዚያም በላይ 27ቱ ብር ለአምስት ዓመት ተቈልፎ ይቀመጣል።

ገንዘቡ ለልማት ባንክ ብድር እንዲውል የታሰበ ስለ ነበረ፣ ከመንግሥት አንጻር ምክንያት አልጠፋውም። የባንኮቹም መልስ ሊገመት የሚችል ነበር። ተቀማጭ ገንዘብ ለመሰብሰብ በየከተማው፣ በየመንገዱ ቅርንጫፍ ይከፍቱ ጀመር፤ ገንዘቡ ቶሎ እንዲመለስ አጭር ዘመን ያለውን የንግድ ብድር ከረዥሙ የእርሻና የፋብሪካ ብድር አስበለጡ፤ ከወለድ ሌላ የአገልግሎት ዋጋን የገቢ ምንጭ አደረጉ። ትእዛዙ በ2012 ዓ. ም. ኅዳር (2019 እ. ኤ. አ.) ሲነሣ ብዙ ባንክ እርስ በርሱ የሚመሳሰል ሆኖ ተገኘ፤ ሁሉም ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ ሰጥተው ነበርና።

የጎረቤት አገር የኬንያ ታሪክም ለዚህ ነገር ይጠቅማል። በኬንያ በ2016 እ. ኤ. አ. የወጣው ሕግ የብድር ወለድ ከማዕከላዊው ባንክ ተመን በላይ ከ4 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። ሐሳቡ ተበዳሪውን ለመርዳት ነበር። ባንኮቹ ግን አነስተኛው ነጋዴ አደጋው ከፍ ያለ ሆኖ ሳለ ወለዱ ከተወሰነ፣ ለእርሱ ከማበደር ለመንግሥት ማበደር ይሻላል ብለው የመንግሥትን ሰነድ ገዙ። ሊረዳ የታሰበው ሰው ከበሩ ተመለሰ፤ ሕጉም በ2019 እ. ኤ. አ. ተሻረ። ይህ የሚያሳየው ሕግ አውጪም የባንክን የሥራ ስልት አስቀድሞ ማሰብ የሚገባው መሆኑን ነው። ባንክ የውጭውን ሁናቴ እንደሚያነብ፣ የውጭው ሁናቴም የባንኩን መልስ ማንበብ ያስፈልገዋል።

አዲስ መሣሪያ የሚያመጣው ለውጥም በኬንያ በግልጽ ታይቷል። በመጋቢት 2007 እ. ኤ. አ. ሳፋሪኮም የተባለው የስልክ ኩባንያ ኤም ፔሳን አወጣ። በናይሮቢ የሚሠራው ልጅ በገጠር ላለች እናቱ ገንዘብ ለመላክ ለአውቶቡስ ሹፌር አደራ መስጠቱ ቀርቶ በስልኩ መላክ ጀመረ፤ እናቲቱም በመንደሩ ካለው ሱቅ ገንዘቡን ተቀበለች። ባንክ ያልሆነ ድርጅት የባንክን ሥራ ሲሠራ ባንኮቹ ሠጉ፤ በ2008 እ. ኤ. አ. መጨረሻም መንግሥት አሠራሩ እንዲመረመር አዘዘ። ሕዝቡ ግን ወዶት ስለ ነበረ ነገሩ ወደ ኋላ የሚመለስ አልሆነም። ከዚያ በኋላ አስተዋይ የሆኑት ባንኮች ጠላት ያሉትን ወዳጅ አደረጉት፤ በ2012 እ. ኤ. አ. አንድ የአገሩ ባንክ ከሳፋሪኮም ጋር ተስማምቶ ኤም ሽዋሪ የተባለውን፣ በስልክ የሚቈጠብበትንና የሚበደሩበትን አገልግሎት ጀመረ።

በኢትዮጵያም ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ. ም. (2021 እ. ኤ. አ.)፣ ኤም ፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ. ም. (2023 እ. ኤ. አ.) ሥራ ጀመሩ። ትናንት ባንክ የሚወዳደረው ከባንክ ጋር ነበር፤ በየመንገዱ ቅርንጫፍ መክፈትም ድል ይመስል ነበር። ዛሬ የስልኩ ቅርንጫፍ በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። በብዙ ወጪ የተከራየው ሕንጻ ሸክም ሊሆን ይችላል። ሆኖም መሣሪያው ሁሉን ያሸንፋል ብሎ መደምደምም አይገባም። መብራትና የስልክ መስመር በሌለበት፣ ቁጥር ማንበብ በማይቻልበት ቦታ አዲሱ መሣሪያ እንደ አቢሲንያ ባንክ ወረቀት ሊቀር ይችላል።

የሕዝብ እምነትም ዛሬ ከጠገራው ዘመን ባነሰ ኃይል አይሠራም። ወለድ መቀበልና መክፈል በሃይማኖቱ የተከለከለ የሆነ ሰው ባንክ ቢያገኝም አይገባበትም፤ ገንዘቡ በቤት ይቀመጣል፣ ወይም በከብትና በሸቀጥ ይውላል። ባንኮች ይህንን ሰው ለብዙ ዘመን እንዳልነበረ ቈጥረውት ኖሩ። በኋላ ግን ከወለድ ነፃ የሆነ አገልግሎት ተፈቅዶ በየባንኩ መስኮት ተከፈተለት፤ በ2013 ዓ. ም. ደግሞ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀመረ። ልማድን እንደ እንቅፋት ያየ ባንክ ያጣውን ደንበኛ፣ ልማድን እንደ መመሪያ ያየ ባንክ አገኘው።

አሁን ወደ ገንዘብ አስቀማጩ፣ ይልቁንም በወር ደመወዝ ወደሚኖረው ሰው መመለስ ያስፈልጋል። መምህሩ ከዚህ ክፍል ነውና። ከጥቅምት 2010 ዓ. ም. (2017 እ. ኤ. አ.) ጀምሮ ለቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። በ2014 ዓ. ም. (2022 እ. ኤ. አ.) ግን የዕቃ ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ30 በመቶ በላይ ጨመረ። ነገሩ በተማሪ ሰሌዳ ላይ ሊሠራ የሚችል ሒሳብ ነው። 100 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ብር ያገኛል፤ አምና በ100 ብር ይሸመት የነበረው እህል ግን 130 ብር ሆኗል። ስለዚህ 107ቱ ብር የሚገዛው አምና በ82 ብር ይገዛ የነበረውን ያህል ነው። መዝገቡ ትርፍ ይላል፤ ጓዳው ኪሣራ ይላል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ማለት ይህ ነው።

ይህም የአስቀማጩ ጉዳት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ሰው ይህን በሚያስተውልበት ጊዜ ገንዘቡን አውጥቶ ቦታ ይገዛል፣ ወርቅ ይገዛል፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ያከማቻል። አያቱ ጠገራ ይቀብር እንደ ነበረ፣ የልጅ ልጁ ብሎኬት ይከምራል። ሁለቱም ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ዋጋው የማይሸረሸር ነገር መያዝ። እንግዲህ የዋጋ ንረትን በሥራ ስልቱ ውስጥ ያልቈጠረ ባንክ የዛሬ ትርፉን ሲያከፋፍል የነገ ጥሬ ዕቃውን ያጣል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ. ም. (2024 እ. ኤ. አ.) የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ እስከዚያ ድረስ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የሚቈጠር ሀብቱ ከዕዳው የበለጠ ባንክ ሳይደክም አተረፈ፤ ዕዳው የበለጠ ባንክ ደግሞ ሳያጠፋ ከሰረ። በታኅሣሥ 2017 ዓ. ም. (2024 እ. ኤ. አ.) በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው የባንክ አዋጅም ለውጭ አገር ባንኮች ተዘግቶ የኖረውን በር ከፈተ። በ1897 ለባዕድ ባንክ ብቻውን የተሰጠው መብት በ1923 ተመለሰ፤ በ1967 ሁሉም ተወረሰ፤ በ1986 ለዜጎች ብቻ ተፈቀደ፤ በ2017 ለውጭውም ተከፈተ። በዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ አንድ ሕግ እንደጸና ይኖራል ብሎ በሕጉ ጥላ ሥር ብቻ የተደላደለ ባንክ ጥላው ሲነሣ ፀሐይ አገኘው።

ከዚህ ሁሉ ለገንዘብ ድርጅት መሪ የሚተርፈው ምክር ብዙ አይደለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ በውጭ የሚሆነውን ከምንጩ መመርመር ይገባል። የማይለወጠውን አውቆ ራስን ማስተካከል፣ የሚመጣውን አይቶ መጠባበቂያ ማኖር፣ የሚለወጠውን ልማድ በትዕግሥት መለወጥ ይገባል። በመከለል የተገኘ ትርፍ በብልሃት እንደተገኘ አድርጎ መቍጠር አይገባም። ዕቅዱም አንድ ጊዜ ተጽፎ በሣጥን የሚቈለፍ ሳይሆን በየዓመቱ እየተገለጠ የሚመረመር መሆን አለበት።

ለመምህራን ደግሞ ከዚህ የተለየ ድርሻ አላቸው። ከሦስቱ ክፍሎች ሦስተኛው፣ በትምህርት የሚለወጠው፣ ከባንኩ ሹማምንት ይልቅ በመምህሩ እጅ ነው። የወለድ ሒሳብ በየትምህርት ቤቱ ይሰጣል፤ ነገር ግን ተማሪው 7 በመቶ ወለድ ከ30 በመቶ የዋጋ ጭማሪ ጋር ሲተያይ ምን እንደሚሆን ቢማር፣ የብድር ውል ከመፈረሙ በፊት ማንበብ ቢለምድ፣ ዕቁቡንና ባንኩን፣ የስልክ ገንዘቡንና የአክሲዮን ድርሻውን ለይቶ ቢያውቅ፣ ነገ እርሱ ራሱ የባንኩ የውጭ ሁናቴ ይሆናል። የሚጠይቅና ሒሳብ የሚያውቅ ደንበኛ ባለበት አገር ባንክ በስንፍና ሊኖር አይችልም። የአቢሲንያ ባንክ ሊያገኘው ያልቻለው ሕዝብ ወረቀቱን ያልተቀበለው አውቆ ነበር፤ የዛሬውም ሕዝብ ሲቀበልም ሆነ ሲተው አውቆ እንዲሆን ማድረግ የትምህርት ቤት ሥራ ነው።